ጊታሪስት ሲሄድ ባንድ ይፈርሳል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ነው የምንኖረው፤ አራት ጓደኛሞች ሮክ እንጫወታለን፣ እኔ ቤዝ ነኝ። ጊታሪስታችን ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ገባ። ከኮምቦልቻ ሌላ ልጅ አገኘን፣ ግን እጁ የባህል ነው፣ ሁሉን ነገር ወደ አምባሰል ይወስደዋል። እንደ በፊቱ ልጅ ተጫወት ስንለው ተኮራረፍን። ሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ ያን ሁሉ ጊታሪስት ቀያይረው እንዴት ነው እስካሁን የዘለቁት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ እንኳ ልቤ ከኮምቦልቻው ልጅ ጋር ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ቁጠራቸው።

ባንዱን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የጀመሩት የሃይስኩል ጓደኛሞች ናቸው። አንቶኒ ኪዲስ ይዘፍናል፣ ፍሊ ቤዝ፣ ሂለል ስሎቫክ ጊታር፣ ጃክ አይረንስ ድራም። ሂለልና ጃክ ሌላ ባንድ ስለነበራቸው የመጀመሪያው አልበም ያለ እነሱ ተቀዳ፣ በኋላ ግን ተመለሱ። በ1988 ሂለል በሄሮይን ሞተ። ጃክ ሐዘኑን አልቻለውም፣ ለቀቀ። ብዙ ባንድ እዚህ ላይ ያበቃለት ነበር።

በሂለል ቦታ የገባው ጆን ፍሩሻንቴ ገና 18 ዓመቱ ነበር። አድናቂያቸው ስለነበር ዘፈኖቻቸውን ከነቤዛቸው በቃሉ ያውቃል። ድራሙን ቻድ ስሚዝ ያዘ። ጆን መጀመሪያ የሂለልን ፈለግ ነበር የሚከተለው። የ1991ዱን አልበም ስትሰማ ግን ሌላ ሰው ነው፤ ኖታ ቀንሷል፣ ክፍተት ይተዋል፣ የፍሊ ቤዝ መተንፈሻ አግኝቷል። ዓለም ያወቃቸው ያኔ ነው። በዓመቱ ዝናው ከበደውና ጃፓን ላይ ጥሏቸው ሄደ።

ሌሎች ገብተው ቶሎ ወጡ። ከዚያ ዴቭ ናቫሮ ከበድ ያለ ድምፁን ይዞ መጣ፣ የ1995ቱን አልበም ሠራ፣ በ1998 ተለያዩ። ያኔ ፍሊ ራሱ ጆን ቤት ሄዶ እንዲመለስ ጠየቀው። ጆን በሱስ ተጎድቶ ነበር፣ ጊታሩንም አንቶኒ ነው የገዛለት። ፍሊ ጋራዥ ውስጥ ተለማምደው በ1999 ካሊፎርኒኬሽንን አወጡ። በ2009 ጆን ደግሞ ሄደ፣ ጆሽ ክሊንግሆፈር አሥር ዓመት ተካው። ኢትዮጵያ የሚባለው ዘፈናቸው ያለው እሱ በተጫወተበት በ2011ዱ አልበም ላይ ነው። በ2019 መጨረሻ ጆን ተመለሰ፣ በ2022 ብቻ ሁለት አልበም አወጡ።

ሰው ሲቀየር ድምፁም ይቀየር ብለው ነው የዘለቁት፣ ፍሊና አንቶኒ ደግሞ ከአንድም አልበም አልጎደሉም። ያ ልጅ ጊታሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ያንን ጠመዝማዛ ዳገት በሚኒባስ የሚወጣው የሌላ ሰው ሶሎ ሊገለብጥ አይደለም። አምባሰልስ ቢሆን ከሐይቅ አለፍ ስትል የምታየው ተራራ አይደል እንዴ? ደሴ ተቀምጦ አምባሰል በዛብኝ ማለት ለእኔ ይከብደኛል።

ደውልለትና ይቅርታ ጠይቀው። በሚቀጥለው ልምምድ እሱ በአምባሰል ይጀምር፣ አንተ ከሥሩ ግባ፣ ድራመሩ ትንሽ ይታገስ፣ ዲስቶርሽኑን፣ ያንን የጊታሩን ሻካራ የሮክ ድምፅ፣ ቆይታችሁ ክፈቱት። አዲስ አበባ ያለው ጓደኛችሁም ለበዓል ሲመጣ ጊታሩን ይዞ ይምጣ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሞክሯቸው።