የልጄ የዓይን ሕመም በዘር የመጣ ነው?

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍልዎ። የ16 ዓመት ልጄ በአንድ ዓመት ሁለቴ መነጽር ቀየረ፤ አሁንም ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ይደራረብበታል። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑን ያሳክከዋል። ሐኪሙ «ኬራቶኮነስ ነው» አለን። አክስቱም ይኸው ነበረባት። በዘር የሚመጣ ነው? የ11 ዓመት ታናሹስ ያሰጋዋል?

መልስ፦ አብሽሩ እህቴ። ይህ ሕመም ዓይንን ጨርሶ የሚያጨልመው ከስንት አንዴ ነው። ችላ ሊባል ግን አይገባም።

ኮርኒያ ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ መስኮት ነው። መሃሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው ክፍሉ የተሠራው ኮላጅን ከሚባል ክር ነው። መሶብን ያስቡ። ስንደዶው በአክርማ ጠበቅ ተደርጎ ሲሰፋ ቅርጹን ይይዛል፤ አክርማው ሲላላ ይጎብጣል። የልጅዎም ኮርኒያ ክሮቹ ላልተው ሳስቷል። ከውስጥ ያለው ግፊት ደግሞ ወደ ፊት እየገፋ ሾጣጣ አድርጎታል። መነጽር ቢቀያየርም የማይጠራለት ለዚህ ነው።

ዘር ድርሻ አለው። ነገር ግን አንድ ጂን ብቻውን የሚያመጣው አይደለም፤ ብዙ ጂኖች ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ። አብዛኞቹ ታማሚዎች ቤተሰባቸው ውስጥ ሌላ ታማሚ አያውቁም። የታማሚ ወንድምና እህት ግን ከሌላው ሰው ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ እጁ ነው። በአለርጂ ዓይናቸው የሚያሳክካቸው ልጆች በጣታቸው አንጓ እየተጫኑ ሲያሹ ደጋግሜ አያለሁ። የሳሳውን ኮርኒያ ይበልጥ የሚያላላው ይህ ነው። ሲያሳክከው በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ያድርግበት። ማሳከኩ በመድኃኒት ይታከማል። አደራዎን፣ ከፋርማሲ ደክሳ የሚባለውን የስቴሮይድ ጠብታ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትጠቀሙ። ያለ ክትትል ሲቆይ ግላኮማ የሚባለውን የዓይን ግፊት ሕመምና ሞራ ሊያመጣ ይችላል።

ሕመሙ በጉርምስና ዕድሜ ቶሎ ይብሳል። የቫይታሚን ቢ2 ጠብታ አድርጎ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ክሮቹን መልሶ የሚያጠነክር ሕክምና አለ። የጠፋውን ዕይታ አይመልስም፤ ባለበት ያቆማል። ስለዚህ ቶሎ መታከሙ ወሳኝ ነው። ከዚያ ለዕይታው ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ ሊረዳው ይችላል። በጣም ለገፋበት ሰው ደግሞ ከለጋሽ የተገኘ ኮርኒያ ይተካለታል። ኮርኒያ የደም ሥር ስለሌለው ሰውነት ከሌሎች አካላት ይልቅ በቀላሉ ይቀበለዋል።

ታናሹን በቅርብ ቀን ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወይም ሌላ የዓይን ሐኪም ይውሰዱት። የሚያሳክከው ከሆነም ሐኪሙ ሳይጠይቅዎት ይንገሩት።