ጋላክሲ ዕድሜው በምን ይታወቃል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ባለፈው ጽሑፌ፣ የዩኒቨርስን የመስፋት ፍጥነት ባረጁ ጋላክሲዎች ዕድሜ መለካት እንደሚቻል በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጠቅሼ አልፌ ነበር። አንባቢዎች ግን እኔን አላለፉኝም። ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሱን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። የመስፋትን ፍጥነት ለማወቅ የጋላክሲዎች ርቀት የግድ ያስፈልጋል ብዬ ነው የማስተምረው። እርስዎ ግን ርቀት ሳይለካ ይቻላል አሉ። እንዴት ሆኖ? (ከባሕር ዳር)

መምህር፣ የሚያስተምሩት ትክክል ነው፤ የተለመደው መንገድ እሱ ነው። ጋላክሲው ከእኛ የሚሸሽበት ፍጥነት ለርቀቱ ይካፈላል። መከራው ያለው ርቀቱ ላይ ነው። መጀመሪያ የቅርብ ኮከቦች ይለካሉ፤ በእነሱ ሴፊድ የሚባሉት ብርሃናቸው ከፍና ዝቅ የሚል ኮከቦች፣ በሴፊዶች ደግሞ ሱፐርኖቫ የሚባሉት የሚፈነዱ ኮከቦች። ታች ያለው ከተዛነፈ ላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይዛነፋል።

በ2002 ራውል ሂሜኔዝና አቪ ሎብ የተባሉ ተመራማሪዎች ርቀትን ጭራሽ የማይነካ መንገድ አቀረቡ። ብርሃን ከሩቅ ጋላክሲ ተነስቶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ዩኒቨርስ በሰፋበት ልክ ሞገዱ ይለጠጣል፣ ወደ ቀይ ያደላል። የዚህ መለጠጥ መጠን ሬድሺፍት ይባላል። ሬድሺፍቱ 0.40 የሆነ ጋላክሲ ካየን፣ ብርሃኑ ከተነሳ ወዲህ ዩኒቨርስ 1.40 እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። ምን ያህል እንደሰፋ እንግዲህ ብርሃኑ ራሱ ይነግረናል። የቀረን ለመስፋት ስንት ዓመት እንደፈጀበት ማወቅ ብቻ ነው፤ ያረጁት ጋላክሲዎች የሚፈለጉትም ለዚህ ነው።

በቁጥር እንሞክረው። ሬድሺፍታቸው 0.45 እና 0.40 የሆኑ ሁለት የጋላክሲ ቡድኖች ይውሰዱ። ሁለቱም ኮከብ መውለድ ያቆሙት በአንድ ዘመን ነው እንበል። የ0.40ዎቹን የምናያቸው ዘግየት ባለ ጊዜ ላይ ስለሆነ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ልዩነቱ 400 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ተገኘ እንበል። የሬድሺፍቱን ልዩነት 0.05ን ለ400 ሚሊዮን ዓመት ያካፍሉ፣ የተገኘውን ደግሞ ለ1.425 (ለአንድ ሲደመር መካከለኛው ሬድሺፍት)። ወደ ተለመደው መለኪያ ሲቀየር ለእያንዳንዱ ሜጋፓርሴክ በሰከንድ 86 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል። አንድ ሜጋፓርሴክ 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው። ልብ ይበሉ፣ ይህ የዛሬው ፍጥነት አይደለም፤ ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነበረው ነው። ሌሎቹ ዘዴዎች ወደ ኋላ ያለውን ፍጥነት የሚያገኙት ባብዛኛው በስሌት ዞረው ሲሆን፣ ይሄኛው በቀጥታ ያንን ዘመን ይለካል። እኔን የማረከኝም ይኸው ነው።

ተማሪዎችዎ በሰሌዳ ላይ ሊሠሩት ይችላሉ። ካልኩሌተር ግን ይፍቀዱላቸው።

ጋላክሲ የልደት ሰርተፊኬት የለው፤ ዕድሜው በምን ይታወቃል? (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከጅማ)

እህቴ፣ ጥያቄሽ የነገሩ ሁሉ እምብርት ነው። አንድ መንደር አስቢ፤ ከሆነ ዓመት ወዲህ አንድም ልጅ አልተወለደበትም፣ ከውጭም የገባ የለም። መጀመሪያ ሕፃን ይጠፋል፣ ቀጥሎ ጎረምሳ፣ ቀጥሎ ጎልማሳ። ልደት ከቆመ ስንት ዓመት እንደሆነው ለማወቅ መዝገብ አያስፈልግሽም፤ የቀሩትን ሰዎች ማየት ይበቃል።

በጋላክሲም እንደዚያው ነው። ግዙፍና ሰማያዊ ኮከቦች ነዳጃቸውን በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ጨርሰው ይሞታሉ። እንደ ፀሐያችን ያሉት 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይቆያሉ፤ ከእሷ የሚያንሱትና ቀላ ያሉት ደግሞ ከዚያም በላይ። ስለዚህ ኮከብ መውለድ ያቆመ ጋላክሲ ዓመት በገፋ ቁጥር እየቀላ ይሄዳል። ለዚህ ሥራ የሚመረጡት በጣም ግዙፎቹ ናቸው፤ ኮከቦቻቸውን ገና በዩኒቨርስ ልጅነት ቶሎ ቶሎ ወልደው ያቆሙት፣ ክብደታቸው 100 ቢሊዮን ፀሐይ የሚያህለው።

ተመራማሪዎቹ ግን ቀለም ብቻ አይተው አይፈርዱም። ብርሃኑን እንደ ቀስተ ደመና በትነው፣ ማለትም በስፔክትረም፣ ይመረምሩታል። የሞገድ ርዝመቱ 4,000 አንግስትሮም (አንዱ አንግስትሮም የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው) በሆነበት ቦታ ላይ ድንገተኛ ስብራት አለ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ሰማያዊው ሲሄዱ ብርሃኑ ቁልቁል ይወርዳል። ምክንያቱም በቀዝቃዛ ኮከቦች ከባቢ አየር ውስጥ ያሉት ካልሲየም፣ ብረትና መሰሎቻቸው ያን ብርሃን ይውጡታል። ሞቃት ወጣት ኮከቦች ሲያልቁና አሮጌዎቹ ሲቀሩ ስብራቱ እየጎላ ይመጣል። ስብራቱ ምን ያህል እንደጎላ ተለክቶ ዕድሜው ይሰላል።

አንዲት ረቂቅ ማጣሪያም አለች። እዚያው ስብራቱ አጠገብ ኤችና ኬ የሚባሉ ሁለት የካልሲየም ጥቁር መስመሮች አሉ። ባረጀ ጋላክሲ ውስጥ ኬ ከኤች ይጠልቃል። ወጣት ኮከቦች ተደብቀው ካሉ ግን የሃይድሮጅናቸው መስመር ኤች ላይ ይደረብና ኤች ይበልጣል። ያኔ ያ ጋላክሲ ከዕድሜ መለኪያነት ይሰረዛል፤ ሽማግሌ መስሎ የገባ ወጣት ነውና።

ዩኒቨርስ እየሰፋ ከሆነ ከሪያድ አዲስ አበባ ያለው ርቀትም እየጨመረ ነው? (ከሪያድ)

እየጨመረስ ነው፤ ምክንያቱ ግን ዩኒቨርስ አይደለም። ቀይ ባሕር በየዓመቱ በአንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ እየሰፋ ነው፣ እሱ የምድር ቅርፊት ጉዳይ ነው። የዩኒቨርስ መስፋት በስበት የተያያዘ ነገር ላይ አይሠራም፤ ምድር፣ ፀሐይና ፍኖተ ሐሊብ ባሉበት አሉ። ጎረቤታችን የአንድሮሜዳ ጋላክሲ እንዲያውም ወደ እኛ እየመጣ ነው። ትኬቱ ከተወደደብዎት ሌላ ሰበብ ይፈልጉ።

ዕድሜውን የሚሰጣችሁ የኮከቦች ሞዴል ነው። ሞዴሉ ከተሳሳተ ሁሉም ተሳሳተ ማለት አይደለም? (መሐንዲስ፣ ከአዲስ አበባ)

ግማሹን አዎ። በመጀመሪያ ግን ሞዴሉ የኮከቦች እንጂ የዩኒቨርስ አይደለም። የዩኒቨርስን መስፋት ያፋጥናል ስለሚባለው ጨለማ ኃይልም ሆነ ዩኒቨርስ እንዴት ሰፋ ስለሚለው አስቀድሞ የሚወስደው ነገር የለም፤ መሠረቱ የኒውክሌር ፊዚክስና የኮከብ አኗኗር ነው። ስለዚህ የሚለካውን ነገር አስቀድሞ አምኖ አይነሳም።

ሁለተኛው መከላከያ መቀነስ ነው። የሚፈለገው የሁለት ቡድን የዕድሜ ልዩነት ስለሆነ፣ ሞዴሉ ሁሉንም እኩል አንድ ቢሊዮን ዓመት ቢያስረጃቸው ስህተቱ ሲቀናነስ ይጠፋል። የማይጠፋው ከዕድሜው ጋር አብሮ የሚያድግ ስህተት ነው፤ እርስዎ የጠረጠሩት ይህን ከሆነ ጥርጣሬዎ ልክ ነው።

ትልቁ ጣጣ ግን እነሆ፦ እንደ ብረት ባሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች የበለጸገ ጋላክሲ ካለ ዕድሜው ያረጀ ይመስላል። 4,000 አንግስትሮም ላይ ያለው ስብራት በእርጅናም ይጎላል፣ በብረትም ይጎላል። ሁለቱን ለመለየት ሌሎች የስፔክትረም መስመሮችን ማየት ግድ ነው። በዚያ ላይ የተለያዩ ቡድኖች የሠሯቸው የኮከብ ሞዴሎች ለአንዱ ጋላክሲ የሚሰጡት ዕድሜ አይገጥምም። በ2016 ሚኬሌ ሞሬስኮና ባልደረቦቹ ከ130,000 በላይ ጋላክሲዎች መርምረው በሬድሺፍት 0.43 ላይ ፍጥነቱን ወደ 92 አግኝተውታል፣ በ5 ከፍ ዝቅ። ያን ሁሉ ጋላክሲ ይዘው ስህተቱ ከ6 በመቶ ገደማ አልወረደም። ጋላክሲ በመጨመር ብቻ የሚቀረፍ ስህተት ስላልሆነ የቀረው ሥራ የኮከብ ሞዴሎቹን ማጥራት ነው።

ተማሪ ሳለን መምህራችን "50ም ሊሆን ይችላል፣ 100ም" ብለውን ነበር። አሁን ደግሞ 67 ወይስ 73 እያላችሁ ትጣላላችሁ። መቼ ነው የምትስማሙት? (ጡረተኛ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

ጋሼ፣ መምህርዎ እውነታቸውን ነበር። ቁጥሮቹ ሁሉ የዛሬው የመስፋት ፍጥነት ናቸው፣ ለእያንዳንዱ ሜጋፓርሴክ በሰከንድ ኪሎ ሜትር። ያኔ ከሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ አላን ሳንዴጅ ወደ 50፣ ዤራር ደ ቮኩሌር ወደ 100 ይሉ ነበር፤ ክርክሩም ዓመታት ፈጅቷል። ከዚያ በፊትማ የባሰ ነበር። ኤድዊን ሀብል በ1929 ያገኙት 500 ገደማ ነው። በዚያ ስሌት ዩኒቨርስ ዕድሜው 2 ቢሊዮን ዓመት ብቻ ሊሆን ነው፤ የምድር ድንጋዮች ደግሞ ከዚያ በላይ ያረጁ ሆነው ተገኙ። ልጅ ከእናቱ በለጠ! ነገሩ መፈታት የጀመረው ሴፊዶች ሁለት ዓይነት መሆናቸው በ1952 በዋልተር ባዴ ሲታወቅ ነው፤ ርቀቶቹ በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆኑ። በ2001 በሀብል ቴሌስኮፕ የተሠራው ትልቅ ጥናት 72 ላይ አረፈ፣ በ8 ከፍ ዝቅ። ከ50 እና ከ100 ጋር ሲያስተያዩት የዛሬው ጠብ የቤተ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል።

ጠቡ ግን እውነተኛ ነው። የፕላንክ ሳተላይት ከቢግ ባንግ የቀረውን የማይክሮዌቭ ጨረር መርምሮ 67.4 ይላል፤ ስህተቱ 0.5 ብቻ ነው። የአዳም ሪስ ቡድን በሴፊድና በሱፐርኖቫ 73 ይላል፤ ስህተቱ 1 ገደማ። ሁለቱም እርግጠኛ ስለሆኑ ነው ነገሩ የከረረው።

ያረጁት ጋላክሲዎችስ? ከሰጡት ልኬት ተነስተው ወደ ዛሬው ፍጥነት የሚመጡ ትንተናዎች ባብዛኛው ከ66 እስከ 70 ውስጥ ያርፋሉ። "ፕላንክ አሸነፈ" ብለው የሚጽፉ አሉ፤ እኔ አልጽፍም። ስህተቱ ወደ 5 ስለሚጠጋ 73ንም ከሜዳ አያስወጣውም። የዚህ ዘዴ ዋጋ ከሁለቱም ወገን ያልተወለደ ምስክር መሆኑ ላይ ነው፦ ሴፊድ አያውቅ፣ የማይክሮዌቭ ጨረር አያውቅ። ስህተቱ ወደ 1 በመቶ የወረደ ቀን ቃሉ ይከብዳል። እስከዚያው በመጠባበቂያ ምስክርነት ይቀመጥ።

እንጦጦ ላይ ያሉት ቴሌስኮፖች ይህን ሊሠሩ ይችላሉ? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

አይችሉም። የእንጦጦዎቹ መስታወታቸው አንድ አንድ ሜትር ነው፤ ለሌላ ሥራ ይበቃሉ፣ በቢሊዮን የብርሃን ዓመታት የራቀ ደብዛዛ ጋላክሲን ብርሃን ለመበተን ግን ያንሳሉ። የሞሬስኮ ጋላክሲዎች የመጡት ኒው ሜክሲኮ ካለ ባለ 2.5 ሜትር ቴሌስኮፕ ነው። እዚያ ያኔ ለእያንዳንዱ የሰማይ ክፍል አንድ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ይበሳ ነበር፤ ሠራተኞች 1,000 የብርሃን ገመዶችን አንድ በአንድ በእጃቸው ይሰኩበት ነበር፤ በአንድ ገመድ የአንድ ጋላክሲ ብርሃን ይገባ ነበር። አሪዞና ላይ የተተከለው ዴሲ የተባለ መሣሪያ 5,000 ገመዶችን በሮቦት ያንቀሳቅሳል። በሐምሌ 2023 የመጠቀው የአውሮፓ ዩክሊድ ቴሌስኮፕም ከጠፈር ሆኖ እየለቀመ ነው።

ደስ የሚለው፣ የኒው ሜክሲኮውም የዴሲም የመጀመሪያ መረጃ ለሁሉም ክፍት ነው፤ በነፃ ይወርዳል። ላፕቶፕና ኢንተርኔት ካለህ ሬድሺፍቱ 0.40 የሆነ አንድ ቀይ ጋላክሲ መርጠህ ስፔክትረሙን ክፈት። የኬን መስመር 5,507፣ የኤችን 5,556 አንግስትሮም አካባቢ ታገኛቸዋለህ። የቱ እንደሚጠልቅ አይተህ ላክልኝ።