«ዘ ኦፊስ»ን ለምን እንደምትወጂ በአንድ ገጽ ለመጻፍ

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ደሴ እየተመላለስሁ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል እሠራለሁ፤ የተመረቅሁት በአካውንቲንግ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ፕሮዳክሽን ለሚያዘጋጀው ሲትኮም (አስቂኝ ተከታታይ ድራማ) ረዳት ጸሐፊ እንደሚፈልግ አስታውቋል። አመልካቾች የሚወዱትን ሲትኮም ጠቅሰው ለምን ትርጉም እንደሚሰጣቸው በአንድ ገጽ እንዲገልጹ፣ ከራሳቸው ድርሰትም ሁለት ገጽ ትዕይንት እንዲያያይዙ ይጠይቃል። የእኔ ምርጫ የአሜሪካው «ዘ ኦፊስ» ነው። ረቂቄን አያይዤ ልኬላችኋለሁ። እናቴ ግን «የመንግሥት ሥራ ትተሽ ለቀልድ?» ትለኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦

እህቴ፣ አንድ ገጽ ተጠይቀሽ ሦስት ገጽ ጽፈሻል፤ ሁለቱ ገጾች ደግሞ ታሪኩን መተረክ ናቸው። ተከታታዩ በአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንቢሲ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2013 በ9 ምዕራፍ 201 ክፍል መታየቱን፣ መነሻውም የእንግሊዙ «ዘ ኦፊስ» መሆኑን ጽፈሻል። ልክ ነው፤ ግን ማንም ከስልኩ ላይ የሚያገኘው ነው። «ያዝናናኛል፣ ጭንቀቴን ያስረሳኛል» የሚለውም እውነት ቢሆን አንቺን ከሌላው አመልካች አይለይሽም። መራጮቹ የሚፈልጉት ትዕይንት አይቶ እንዴት እንደተሠራ መናገር የሚችል ሰው ነው።

ያንን ችሎታ ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ በሁለት መስመር ብቻ ነክተሽው አልፈሻል። በ3ኛው ምዕራፍ የእንግዳ ተቀባይዋ የፓም ሥዕሎች ለእይታ ቀርበዋል። ከሥራ ባልደረቦቿ ብዙዎቹ አልመጡም። ከመጡት አንዱ ባልደረባዋ ኦስካር ከጓደኛው ጋር ሆኖ፣ ከኋላቸው መቆሟን ሳያውቁ ሥዕሎቿን ያጣጥላሉ። ተስፋ ቆርጣ ማውረድ ስትጀምር አለቃዋ ማይክል ዘግይቶ ይደርሳል፤ የመሥሪያ ቤታቸውን ሕንፃ የሣለችበትን አይቶ በእውነት ይደነቃል፣ ልግዛው ይላታል። አንቺ የጻፍሽው «እዚህ ላይ ሁልጊዜ አለቅሳለሁ፤ እኔም ማታ ማታ በአሮጌ ቢን ካርድ (የዕቃ መመዝገቢያ ካርድ) ጀርባ እጽፋለሁ» ብቻ ነው። ገጽሽ መጀመር ያለበት ከዚሁ ነው።

አሁን «ለምን አለቅሳለሁ?» የሚለውን በጸሐፊ ዓይን መልሺ። ክፍሉን ሦስት ጊዜ እዪው። መጀመሪያ ዝም ብለሽ፤ ቀጥሎ ትዕይንት በተቀየረ ቁጥር ደቂቃውን እየመዘገብሽ፤ በመጨረሻ አንዱን የታሪክ መስመር ብቻ እየተከተልሽ። በ22 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሦስት መስመሮች ታገኛለሽ፦ የፓም ዐውደ ርዕይ፣ ማይክል፣ የቢሮው ሠራተኛ ራየን በሚማርበት ክፍል እንግዳ ተናጋሪ ሆኖ መዋረዱ፣ ቢሮ የገባችው የሌሊት ወፍ። የሌሊት ወፏ የቀሩት ሁለቱ እንዳይከብዱ ሳቁን ትይዛለች። ማይክል ደግሞ እስከዚያ ድረስ ሰው ሲያሳፍር የኖረ ሰው ነው፤ ያን ዕለት ግን እሱም ተዋርዶ ነው የሚመጣው። ሌላው ሰው ያላየላትን የሚያየው እሱ መሆኑ ነው ልብ የሚነካው። ያለፉት ክፍሎች ቀልድ ባይኖር ይህ ዕንባ አይመጣም። ይህን በራስሽ አባባል ከጻፍሽው መራጩ ብዕሩን አስቀምጦ ያነብሻል።

በ12 ፊደል መጠን፣ በ1.5 የመስመር ርቀት አንድ ገጽ 300 ቃል ገደማ ነው። ትዕይንቱን ለመግለጽ ከ80 ቃል አትለፊ። ትልቁን ድርሻ፣ እስከ 120 ቃል፣ ለምን እንደሠራ ለማስረዳት ስጪው። የቀረው ስለ አንቺ ይሁን፦ መጋዘን ውስጥ ምን ታያለሽ፣ ምን ትጽፊያለሽ፣ ከመቼ ጀምሮ። «ሕይወቴን ቀየረው» አትበዪ፤ የቢን ካርዱ ከዚያ በላይ ይናገራል። የአለቃሽንም ሆነ የመሥሪያ ቤትሽን ስም አታንሺ። አሠሪውን ስም እየጠራ የሚያማ አመልካች ነገ እኛንም ያማል ብለው ይጠረጥራሉ፤ መጠርጠራቸውም ተገቢ ነው።

ትዕይንትሽ ላይ ግን ብዙ ሥራ አለ። የ«ዘ ኦፊስ»ን ገጸ ባሕርይ ድዋይትን የአማርኛ ስም ሰጥተሽ፣ ወደ ካሜራ ዞሮ እንዲናገር አድርገሻል። «ዘ ኦፊስ» ላይ ወደ ካሜራ መናገሩ የሚያስኬደው፣ ዘጋቢ ፊልም ቀራጮች ቢሮው ውስጥ አሉ ተብሎ ስለተነሳ ነው። አንቺ በጻፍሽው መጋዘን ውስጥ ማን ነው የሚቀርጸው? የአሜሪካው ራሱ ከሌላ በመቅዳት ተፈትኗል። የመጀመሪያ ክፍሉ ከእንግሊዙ ጽሑፍ ብዙውን እንዳለ የወሰደ ነበር፤ የመጀመሪያው ምዕራፍም 6 ክፍል ብቻ ነው። መልኩን ያገኘው በ2ኛው ምዕራፍ ማይክልን ለስለስ አድርገው የራሳቸውን ሰው ሲያደርጉት ነው። ለአንቺ ደግሞ በእጅሽ ያለው ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) እና ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) ይበቃሻል። ለምሳሌ አንድ አዛውንት ተላላኪ የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ መስኮት ጋ ይቆማሉ፦

— ልጄ፣ አንድ ደስታ ወረቀት ፈልጌ ነበር።
— ጋሼ፣ መጠየቂያ ሞልተው ያምጡ።
— መጠየቂያው አልቋል። ኮፒ ይደረግ ተባለ።
— ታዲያ ያስደርጉዋ!
— በምን ወረቀት?

ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሳቁም የሚመጣው ከዚያ ነው። ልጅቷን ግትር ብቻ አታድርጊያት፦ በቆጠራ ጉድለት ከተገኘ ተጠያቂዋ እሷ ናት፣ ስለዚህ ፍርሃቷ እውነተኛ ነው። ቀጥሎ ነገሩ ይባስ። ጋሼ «አብሽሪ» ብለው ከኪሳቸው ወረቀት ገዝተው ይመጣሉ። አሁን ደግሞ የግል ወረቀት መጋዘን ሲገባ ሞዴል 19 ሊቆረጥለት ነው። መፍትሔ የመሰለው ሁሉ አዲስ እንቅፋት ይውለድ፤ መጨረሻ ላይ ጋሼ ያው መስኮት ጋ፣ ያው ጥያቄ ይዘው ይቁሙ። ሁለቱም ምንም አይማሩ። ሲትኮም በሚቀጥለው ሳምንት የሚመለሰው ሰዎቹ ስላልተለወጡ ነው።

ሌላው ችግርሽ ሰላምታ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ገጽ «እንዴት አደሩ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ኮምቦልቻ ሞቀ ወይ» ብቻ ነው። ወሎዬ ሰላምታ አያሳጥርም፤ ውበቱም እሱ ነው። ግን አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ፣ ሁለት ደቂቃ ካለሽ ሠላሳ ሰከንዱን ለሰላምታ መስጠት ብዙ ነው። ሰላምታው ራሱ እንቅፋት ካልሆነ በስተቀር፣ ለምሳሌ ሰልፍ እየጠበቀ ጋሼ ቤተሰቡን አንድ በአንድ የሚጠይቁ ካልሆነ፣ ቁረጪው። አንድ ቦታ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይበቃል። ከወንድምሽ ጋር ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡትና በስልክ ሰዓት ያዙ፤ ከሁለት ደቂቃ ተኩል ካለፈ ገና መቆረጥ አለበት። የሳቀበትን ሳይሆን ትኩረቱ የጠፋበትን መስመር ምልክት አድርጊበት።

እናትሽ የምትጠይቀው ስለ ደመወዝ ነው፤ መልስ ይገባታል። ከፕሮዳክሽኑ ጋር ስትነጋገሪ ክፍያው በወር ነው ወይስ በክፍል፣ ስንት ክፍል ተፈቅዶለታል፣ የማሻሻያ ጽሑፍ ይከፈልበታል ወይ፣ ስሜ በክሬዲት (በሠሪዎቹ ስም ዝርዝር) ይወጣል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ደሴ ሆነሽ መጻፍ ትችዪ እንደሆነም ጠይቂ፤ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ የቤት ኪራይ ከክፍያው ላይ ይቀነሳል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው የተጻፈውን ድርሰት እንጂ ሐሳቡን አይደለም፤ በቅጥር ላይ ሆነሽ የምትጽፊው ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነው። ስለዚህ የተጠየቅሽውን ሁለት ገጽ ብቻ ላኪ፤ የመጋዘኑን ሲትኮም ሙሉ ዕቅድ ያዢው።

ውል ሳይፈረም መልቀቂያ አታስገቢ። ንብረት ክፍል ላይ ያለ ሰው ደግሞ ቆጠራና ርክክብ ሳይጨርስ ክሊራንስ አያገኝም፤ ይህ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ቢን ካርዱን ከመደርደሪያው ጋር ማመሳከር ከአሁኑ ጀምሪ። ባታልፊም ሥራሽ ነው፣ አይባክንም።

ረቂቅሽ እኛ ጋ ሲከፈት ግማሹ ፊደል ወደ ላቲን ምልክት ተቀይሮ ነበር። በፓወር ግዕዝ ጽፈሽው ይሆናል፤ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ አይነበብም። በኒያላ ወይም በሌላ የዩኒኮድ ፊደል እንደገና ጻፊውና በፒዲኤፍ ላኪው። ከመላክሽ በፊትም በሌላ ሰው ስልክ ከፍተሽ እዪው።