ጠይቁን፦ ጥቅምት 29ን የማያልፈው ሲስተም

ጥያቄ፦ ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የአባላት መመዝገቢያ ሠርቼ መስከረም 1 ቀን 2017 ሥራ አስጀመርሁ። መስከረምን ያለ እንከን ሠርቶ ጥቅምት 29 ክፍያ አልመዘግብም አለ፤ በ30ም እንዲሁ። ኅዳር 1 ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለ። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ነው። ቀኑን በእኛው አቆጣጠር ዴት ኮለም ውስጥ አስገባለሁ። ምን ነካው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ነገሩ ያለው ዴት ኮለም ያሉት ላይ ነው። ዴት የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። 2017-02-29 ሲሰጡት ፌብሩዋሪ 29 ብሎ ያነባል፤ የፈረንጆቹ 2017 ደግሞ ፌብሩዋሪ በ28 ያለቀበት ዓመት ነው። 30ኛውን ቀንማ በየትኛውም ዓመት አይቀበልም። ጳጉሜን ቢደርሱ ኖሮ ወሩን ከነቀኖቹ ይመልስልዎ ነበር። ስህተት ብሎ መጮኹ እንኳ ደግ ነው፤ ስትሪክት ሞድ (የተሳሳተ መረጃ አልቀበልም የሚለው ቅንብር) በጠፋበት ሰርቨር ዝም ብሎ ዜሮ ቀን ይጽፋል።

ይበልጥ የሚያስፈራው የማይጮኸው ስህተት ነው። ከመስከረም 30 እስከ ጥቅምት 1 አንድ ቀን ነው፤ ዳታቤዙ ግን ጃንዋሪ 31 ቀን አለው ብሎ ሁለት ይቆጥራል። ማኅበሩ ወለድ የሚያስበው በቀን ከሆነ እስካሁን የወጣውን ሒሳብ መልሰው ይፈትሹት።

ቀኑን በፈረንጆቹ ያስቀምጡ፣ በእኛው ያሳዩ። መጀመሪያ ባክአፕ ይያዙ፤ አሮጌውን ኮለም ሳይነኩ አዲስ ይጨምሩ። «7 ወይም 8 ዓመት ልደምር» የሚለውን አቋራጭ ይተዉት፤ ወርና ቀኑ አይገጥሙም። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከዓመቱ 1 ቀንሰው በ365 ያባዙ። ዓመቱን ለ4 አካፍለው ቀሪውን ጥለው ድርሻውን ይደምሩበት። ከወሩ ቁጥር 1 ቀንሰው በ30 አባዝተው ይደምሩ፣ ቀኑንም ይደምሩ። በመጨረሻ 716368 ይቀንሱ። የሚወጣው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወዲህ ያለው የቀን ብዛት ነው። መስከረም 1 ቀን 2017 ሲያስገቡ 19977 መምጣት አለበት፤ ይህም ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። ያስቸገረዎት ጥቅምት 30 ደግሞ 20036 ይሆናል። በጃቫስክሪፕት ይህን ቁጥር በ86400000 አባዝተው ለዴት መስጠት ይበቃል።

ለማሳየት ላይብረሪ አይጫኑ። የዛሬ ብራውዘሮች ኢንትል በሚባለው ክፍላቸው ውስጥ ኢትዮፒክ የተባለ ካሌንደር አላቸው። ታይምዞኑን ግን ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ያድርጉት፤ አለዚያ አሜሪካ ሆኖ የሚከፍት አባል ቀኑን አንድ ወደኋላ ቀርቶ ያየዋል። የወር መምረጫውም 13 መስመር ይኑረው። ፈረንጅ ጳጉሜንን ቢረሳ ያምርበታል፣ እኛ ግን!

ጥያቄ፦ የጎጃም ከተሞችን እንግዳ ማረፊያዎች የያዘ ድረ ገጽ አለን። «ጎጃም» ብሎ ለፈለገ «ጐጃም» አይመጣለትም። «ባህር ዳር» እና «ባሕር ዳር»፣ «ፍኖተ ሰላም» እና «ፍኖተ ሠላም»ም አይገናኙም። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ኮምፒውተር ፊደላትን በሚለይበት የቁጥር ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። የጻፉትን ሰዎች አጻጻፍ አይለውጡ። ከስሙ ጎን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ኮለም ይክፈቱና ሞክሼዎቹን ወደ አንድ መልሰው እዚያ ያስቀምጡ፤ ተጠቃሚው የጻፈውንም በዚያው ፈንክሽን ያሳልፉት። አንዱን ወገን ብቻ ማሳለፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ ያኔ ፍለጋው ከቀድሞውም ይብሳል።

ረጅም ሰንጠረዥ መጻፍ አያስፈልግም፣ ከፊደሉ የዩኒኮድ ቁጥር ላይ መቀነስና መደመር ይበቃል። ከሐ እስከ ሖ ካሉት ሰባት ፊደላት 16 ሲቀንሱ የሀ ቤት ይሆናሉ። ከኀ ቤት 128፣ ከዐ ቤት 48፣ ከፀ ቤት 8 ይቀንሱ፤ በሠ ቤት ላይ ግን 16 ይደምሩ። ሰባቱን ብቻ ነው፤ ስምንተኛዋን ሗን ከጨመሩ ሌላ ፊደል ይወጣል። ቀጥሎ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ይመልሱ። ይህን ከዘለሉ «ዓለም» እና «አለም» እንደተራራቁ ይቀራሉ፣ ዓ ስትቀነስ የምትሰጠው ኣን ነውና። ለቈ፣ ለኰ እና ለጐ 2 መቀነስ ቆን፣ ኮን፣ ጎን ይሰጣል። ክፍት ቦታና ሁለት ነጥብንም ያውጡ፤ «ባሕርዳር» ብሎ ገጥሞ የሚጽፍ ብዙ ነው። «ደብረ ኤልያስ» እና «ደብረ ኤሊያስ» ግን በዚህ ስሌት አይፈቱም፤ እንዲህ ያሉትን በእጅ ይመዝግቡ።

የተለወጠውን ጽሑፍ ለአንባቢ አታሳዩ። ፀሐይ ሠረቀች ያላችሁት ሰረቀች ሆኖ ይወጣል።

ጥያቄ፦ አማርኛው ዳታቤዝ ውስጥ ሲገባ ጥያቄ ምልክት ብቻ ይሆናል። (ከሞጣ)

መልስ፦ የገባው በእርግጥ ጥያቄ ምልክት ከሆነ ጽሑፉ ሲጻፍ ነው የጠፋው፤ ከባክአፕ በቀር የሚመልሰው የለም። ጭረት ያለባት የላቲን ኤ የተደጋገመችበት ዝብርቅርቅ ከሆነ ግን ይድናል። ዩኒኮድ በሚጻፍበት ዘዴ፣ በዩቲኤፍ-8፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ነው፣ የመጀመሪያዋ ባይትም ሁልጊዜ አንድ ናት። ያቺ ኤ እሷ ናት፣ በላቲን ስለተነበበች። ቴብሉን ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (የማይኤስኪውኤል ሙሉው ዩቲኤፍ-8) መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ኮዱ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይም ያንኑ ቻርሴት (የፊደል አጻጻፍ ዘዴ) ይጥቀሱ።