አሮጌ ብራውዘሮችን መተው፦ ከየት ተጀምሮ የት ላይ ይቆረጥ?

ወንድሜ፣ ሰበታ ላለ የግል ትምህርት ቤት የመመዝገቢያ ገጽ እየሠራህ ነው። የሬጅስትራር ቢሮው ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ 7 ናቸው፤ ብዙ ወላጆች ደግሞ አሮጌ አንድሮይድና ኦፔራ ሚኒ ይጠቀማሉ። "የትኞቹን ብራውዘሮች ልተው?" ነው ጥያቄህ። ብራውዘሩን ስትተው ወላጁን አብረህ እንዳትተው ተጠንቀቅ። ድጋፍ የተቋረጠበት ብራውዘር ላይ ገጹ ባያምር ችግር የለውም፤ ባዶ ነጭ ገጽ ከታየ ግን ልጁ ሳይመዘገብ ቀረ ማለት ነው።

ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ሳታመነታ አውጣው። ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 2022 ዘግቶታል። ዊንዶውስ ኤክስፒም እንዲሁ፤ ክሮም እዚያ ላይ 49ኛው ዕትም ላይ ቆሟል።

ለቀሪዎቹ ከመወሰንህ በፊት የራስህን ተጠቃሚዎች እይ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጉግል አናሊቲክስን (የጎብኚ ቆጣሪውን) ብቻ በማየት ነው። አናሊቲክስ የሚቆጥረው ጃቫስክሪፕቱ (ብራውዘሩ ውስጥ የሚሠራው ኮድ) የሠራለትን ጎብኚ ስለሆነ፣ ገጹ የተበላሸበት ሰው ከነጭራሹ አይታይም። የሰርቨሩን አክሰስ ሎግ (ገጹን የጠየቁ ሁሉ የሚመዘገቡበትን መዝገብ) አንብብ፤ የሐምሌንና የነሐሴን፣ ማለትም ምዝገባ የሚጦፍበትን ጊዜ። የጥር ሎግ የሚያሳይህ የቢሮውን ሠራተኞች ብቻ ነው። ሰርተፊኬት (የገጹን ማንነት የሚያረጋግጥ ዲጂታል ማስረጃ) ላይ የወደቁት ደግሞ አክሰስ ሎግ ውስጥም አይገቡም፤ የሰርቨርህ ሶፍትዌር ኤንጂንኤክስ ከሆነ የስሕተት ሎጉን ደረጃ ለጥቂት ቀናት ኢንፎ ላይ አድርገው።

ዊንዶውስ 7 እንደሚወራበት ከባድ አይደለም። የመጨረሻው ክሮም 109 ነው፤ የሲኤስኤስን (የገጽ ማስዋቢያ ቋንቋ) ግሪድና በፍሌክስ ውስጥ ጋፕን፣ የጃቫስክሪፕትን ኦፕሽናል ቼይኒንግ (የ ?. ምልክት) ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው በ112 የገባውን የሲኤስኤስ ኔስቲንግ (ደንብን በደንብ ውስጥ መጻፍ) እና በ111 የገቡትን አዳዲስ የቀለም አጻጻፎች ነው። ስለዚህ ቴልዊንድ የተባለውን የሲኤስኤስ መሣሪያ 4ኛ ዕትም አትጠቀም፤ ቢያንስ ክሮም 111 ይፈልጋል፣ በ109 ላይ ቀለሙና አቀማመጡ ይፈርሳል። ቴልዊንድ 3.4 ላይ ቆይ። የደኅንነቱ ነገር ግን ሌላ ነው፦ ክሮም 109 ጥገና አያገኝም፣ ቢሮው ደግሞ የክፍያ መረጃ ይይዛል። ለጊዜው ፋየርፎክስ 115 ኢኤስአርን (ረጅም ድጋፍ የሚሰጠው ዕትም) በፍላሽ ወስደህ ጫንላቸው፤ በቋሚነት ግን ኮምፒውተሩ 4 ጊጋ ራም ካለው ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ (ቀለል ያለ ነፃ ሥርዓተ ክወና) ይበቃዋል። ከመቀየርህ በፊት ፕሪንተሩ በሊኑክስ መሥራቱን ሞክር፤ ደረሰኝ ማተም ካቃተው ማንም አይቀበልህም።

ከባዱ ስልኩ ነው። አንድሮይድ 6 ላይ ክሮም 106 ላይ፣ አንድሮይድ 7 ላይ 119 ላይ ይቆማል። ኮድህን ለብራውዘር የሚያዘጋጀው መሣሪያ ቪት 7፣ ቅንብሩን ካልነካኸው፣ የሚያነጣጥረው ክሮም 107ን ነው፤ አንድሮይድ 6 በአንድ ዕትም ያመልጠዋል። ታርጌቱን (የሚያነጣጥረውን ዕትም) ራስህ ዝቅ አድርገህ ጻፍ። ይህ ግን አጻጻፉን ብቻ ነው የሚለውጠው፤ የጎደለ ተግባር አይጨምርም፣ ለዚያ ፖሊፊል (የጎደለውን ተግባር የሚሞላ ኮድ) ያስፈልጋል። ፖሊፊሉን ከራስህ ሰርቨር አቅርብ፤ ፖሊፊል ዶት አይኦ የተባለው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2024 ተንኮል አዘል ኮድ ሲያሰራጭ ስለተገኘ በድሮ ኮድህ ውስጥ ካለ ዛሬውኑ አጥፋው። ሌላው ወጥመድ፦ ክሮም 61 እስከ 79 ሞጁል (የአዲሱ ጃቫስክሪፕት ፋይል ዓይነት) ይቀበላሉ፣ ኦፕሽናል ቼይኒንግን ግን አያውቁም። አንድ የማያውቁት ምልክት ካለ ፋይሉ በሙሉ አይሠራም፤ ነጭ ገጽ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

ሰርተፊኬትህ ከነፃ ሰጪው ከሌትስ ኢንክሪፕት ከሆነ፣ ከአንድሮይድ 7.1.1 በታች ያሉ ስልኮች አያምኑትም፤ ማስጠንቀቂያ ያሳያሉ። ወላጅ ይህን ሲያይ "ገጹ ሌባ ነው" ብሎ ይወጣል። ፋየርፎክስ የራሱን የሰርተፊኬት ዝርዝር ይዞ ስለሚመጣ ለእነዚህ ስልኮች መውጫ ነው፤ ወይም አሮጌ ስልኮች ከሚያውቁት ሰጪ ሰርተፊኬት ግዛ።

ኦፔራ ሚኒን በፍጹም አትዝጋው፤ ዳታ ለመቆጠብ የሚጠቀም ወላጅ ብዙ ነው። በከፍተኛ ቁጠባ ላይ ሲሆን ገጹ የሚዘጋጀው በኦፔራ ሰርቨር ስለሆነ ጃቫስክሪፕት በወጉ አይሠራም፣ ስልኩ ላይ የሚቀመጥ ረቂቅም የለም። ፎርሙን ተራ ኤችቲኤምኤል አድርገው፣ እውነተኛ የመላኪያ ቁልፍ ይኑረው፣ የተሞላውን መረጃ ማጣራቱ ሰርቨር ላይ ይሁን፣ ረጅም ከሆነም በገጽ በገጽ ክፈለው። ይህን ካደረግህ ከላይ የዘረዘርኩት ችግር አብዛኛው ምዝገባውን አያስቆመውም፤ እኔ ብሆን ጊዜዬን መጀመሪያ እዚህ ላይ ነው የማጠፋው።

ለተተዉት ብራውዘሮች የምታሳየውን መልእክት ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ አስቀድመህ ጻፈው፤ ጃቫስክሪፕቱ ከሠራ ራሱ ይደብቀው። "ብራውዘርዎን ያዘምኑ" ብቻ አይበቃም፤ አንድሮይድ 6 የያዘ ሰው ወዴት ያዘምናል? የቢሮውን ስልክ ቁጥርና በአካል መመዝገብ የሚቻልበትን ሰዓት ጨምርበት።

ቢሮው ውስጥ "ገጹ አይከፍትም" ከተባልህ መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ቀን ተመልከት። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ የማዘርቦርዱ ሲአር 2032 ባትሪ አልቋል፤ ሰርተፊኬቱ ገና ያልጀመረ ይመስለዋል። ጥፋቱ የብራውዘሩ አይደለም።

የአሮጌ ብራውዘሮቹን ቅነሳ በጥቅምት ወይም በኅዳር አድርገው፣ በምዝገባ ሰሞን አትሞክረው። የድሮውን ዕትም ሰርቨሩ ላይ አቆይና ከለወጥህ በኋላ የተጀመሩና የተጠናቀቁ ፎርሞችን በየብራውዘሩ አወዳድር። በአንዱ ብራውዘር ላይ ተጀምሮ የሚቋረጠው ከበዛ፣ ወደ ድሮው መልሰህ መንስኤውን ፈልግ።