የክመር የነሐስ አማልክትን በምን እንለያለን? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

አንግኮር የክመር ነገሥታት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ስለተሠሩ የነሐስ ምስሎች ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ክመሮች፣ ማለትም የካምቦዲያውያን ቅድመ አያቶች፣ የሠሯቸውን የሂንዱ አማልክት ማለቴ ነው። ጥያቄው ስለበዛ የተመሳሰለውን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቪሽኑና ሺቫ ለእኔ አንድ ፊት ናቸው። በምን ልለያቸው?

መልስ፦ ፊቱን ተወው ወንድሜ። ከንፈሩና ቅንድቡ የሚነግሩህ የተሠራበትን ዘመን እንጂ የአምላኩን ማንነት አይደለም። ግንባሩን እይ። መሃሉ ላይ ቁልቁል የቆመ ሦስተኛ ዓይን ካለ፣ ጸጉሩም እንደ ባሕታዊ ተጠቅልሎ አናቱ ላይ ከተቋጠረ፣ ሺቫ ነው ብለህ ጀምር። ቋጠሮው ላይ ግማሽ ጨረቃ ካገኘህ በቃ፣ አትጠራጠር። ቪሽኑ ብዙ ጊዜ አራት እጅ አለው። ዛጎል፣ ቻክራ የሚባለውን ክብ ስለት፣ ዱላና ትንሽ ኳስ ይይዛል። ኳሷ ምድር ናት። የህንድ ምስሎችን የለመደ ሰው በዚያች እጅ ሎተስ አበባ ስለሚጠብቅ እዚህ ጋ ግራ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ እጆቹ ባዶ ቢሆኑስ?

መልስ፦ በጣም ያጋጥማል። ያኔ የተቀመጠበትን እንስሳ ፈልግ። ጋሩዳ የተባለው ወፍ ቪሽኑን፣ በሬው ሺቫን፣ ባለ ሦስት ራስ ዝሆኑ ኢንድራን ይሸከማል። ብራህማ በአራት ፊቱ፣ ጋኔሻ በዝሆን ራሱ ስለሚታወቁ አያስቸግሩም።

ጥያቄ፦ ጸጉሩ የተቋጠረ ባለ አራት እጅ ምስል አይቼ ሺቫ ነው አልኩ። ጓደኛዬ ግን የቡድሃ እምነት ነው አለችኝ።

መልስ፦ ልክ ልትሆን ትችላለች እህቴ። ቋጠሮው ፊት ለፊት ቁጭ ያለች ትንሽ የቡድሃ ምስል ካለች ሎኬሽቫራ ነው፣ የቡድሃ እምነት የርኅራኄ ጌታ። በተለይ ከ1181 ጀምሮ የነገሠው ጃያቫርማን 7ኛ ቡድሃን ስለሚከተል፣ በእሱ ዘመን ሎኬሽቫራ በየቦታው ነው።

ጥያቄ፦ ባለሙያዎችስ ይሳሳታሉ?

መልስ፦ በዓይኑ ያየም ይሳሳታል! ዡ ዳጓን የሚባል ቻይናዊ መልእክተኛ በ1296 አንግኮር ደርሶ፣ ምሥራቅ በኩል ባለ ሐይቅ መሃል ከእምብርቱ ውሃ የሚፈስ የተጋደመ የነሐስ ቡድሃ አለ ብሎ ጻፈ። በ1936 ደግሞ አንድ የአካባቢው ሰው በአንግኮር ምዕራባዊ ሐይቅ መሃል ባለው ምዕራብ ሜቦን ቤተ መቅደስ ላይ ቡድሃ ተቀብሮ በሕልሜ አየሁ አለ። ተቆፈረ። የወጣው ጭንቅላት፣ ደረትና ሁለት ቀኝ እጆች ናቸው። በአንድ ወገን ሁለት እጅ ካለ በድምሩ አራት ነው፤ ምስሉ ተጋድሟል፤ ቦታውም ውሃ መሃል ነው። እንግዲህ ይህ በዘላለማዊው ባሕር ላይ በእባቡ አናንታ ላይ የተኛው ቪሽኑ እንጂ ቡድሃ አይደለም። ሙሉው ከ5 ሜትር በላይ እንደነበር ይገመታል። የዡ ዳጓን ምስል ይኸው ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ዡ ዳጓን ሐይቁን ምሥራቅ ያለው ተሳስቶ ነው ይላሉ። እኔም እዚያ ወገን ነኝ። የምስሉ ቤት የካምቦዲያ ዋና ከተማ ፕኖም ፔን ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ነው።

ጥያቄ፦ «ወርቃማው ልጅ» የሚባለው ማነው?

መልስ፦ በወርቅ የተለበጠ የ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነሐስ ነው። ኒው ዮርክ ያለው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም «ሺቫ» ብሎ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አድርጎ ነበር፤ ታይላንድ ውስጥ የክመሩ ንጉሥ ጃያቫርማን 6ኛ ነው የሚሉ አሉ። ሦስተኛ ዓይን የለውም፣ በእጁም ምንም አልያዘም። ስለዚህ ያቺ የጥያቄ ምልክት ትክክል ነበረች ባይ ነኝ። ተዘርፎ የወጣ ነውና በ2024 ወደ ታይላንድ ተመልሷል። እንዲህ ያለ ዝርፊያ ለዚህ ሥራ ትልቁ ጠላት ነው። አብረውት የቆሙት ምስሎችና የቤተ መቅደሱ ጽሑፍ ቢታወቁ ክርክሩ ያጥር ነበር። ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ ሴቶቹስ?

መልስ፦ ከባድ ናቸው። ሎተስ ከያዘች የቪሽኑ ሚስት ላክሽሚ፣ ሦስተኛ ዓይን ካላት የሺቫ ሚስት ኡማ እንላለን። ሁለቱም ከሌሉ «እንስት አምላክ» ብለን እናቆማለን።