ሚስማሩ ለምን ሾልኮ ወጣ?

ውድ ወጣቶች፣

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ጥያቄ ላከችልኝ። ቤቷ ውስጥ ስድስት ጠርሙስ የሚይዝ፣ ባለ እጀታ የእንጨት መያዣ ሠርታለች። ጠርሙሶቹን ደርድራ ብድግ ስታደርገው ታቹ ተገንጥሎ ወደቀ። የጠየቀችኝ ግን እንዴት እንደምትጠግነው አይደለም። «የእጅ ሥራ ለእኔ አይሆንም ማለት ነው?» ነው ያለችኝ።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህንኑ ነገር ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው አውቃለሁ። አብሮኝ ሙያ ይማር ከነበረ ልጅ።

ያኔ ሁለታችንም ለጋ ነበርን። አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ጣውላ እያቀበልን፣ ፍቅፋቂ እየጠረግን፣ መጋዝ እየሞረድን ነበር ሙያ የምንለምደው። ሙጫው በድርብ ድስት ይሞቅ ነበር፤ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚሠራው ዓይነት። ሽታው ልብስ ላይ ያድራል። ዛሬ ነጩን ኮላ ከጠርሙሱ ጨመቅ አድርጋችሁ ስትቀቡ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ተገላገላችሁ። ያ ልጅ ግን ሙጫውን እንኳ ከሁላችን በላይ ያውቅበት ነበር። መላጊያ ሲገፋ ፍቅፋቂው ሳይቆረጥ ከጣውላው ጫፍ እስከ ጫፍ ተጠቅልሎ ይወጣል። በእንጨት ላይ የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። መጋዙም ከመስመር አይወጣም።

አንድ ቀን የጠርሙስ መያዣ የሚያሠራ ደንበኛ መጣ። ትንሽ ሥራ ስለሆነ ለሱ ተሰጠው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የራሱ የሆነ ሥራ ሲያገኝ ገና መጀመሪያው ነበርና ደስታውን መደበቅ አቃተው። የሁለቱን ቋሚ ጎኖች አናት ቅስት አድርጎ ቆረጠ። እጀታውን አድቦልቡሎ ሠራ። ጠርዙን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፤ እጅ ሲዳብሰው አንድም ቦታ አይቆረቁርም። ለታቹ ግን የሥራ ቤቱ ባለቤት ስስ ጣውላና ጥቂት ቀጫጭን ሚስማር ሰጠውና «ከታች ወደ ላይ ምታው» አለው። መታው። የሚስማሮቹ አሰላለፍ እንኳ ያምር ነበር።

ብዙም ሳይቆይ መያዣው ተመልሶ መጣ። ደረጃ ላይ ታቹ ወርዶ ጠርሙሶቹ እንዳሉ ተሰባብረዋል። ባለቤቱ ሁላችንም ፊት ወለሉ ላይ ወረወረውና «አንተ ለዚህ ሙያ አልተፈጠርክም» አለው። ልጁ መልስ አልሰጠም። ሽርጡን ፈታ፣ አጣጠፈው፣ የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። በሩ ላይ ደርሼበት ክንዱን ያዝኩት። «እውነቱን እኮ ነው፣ የኔ እጅ አይሆንም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

ስብርባሪውን የጠረግሁት እኔ ነኝ። የታቹን ጣውላ አንስቼ አየሁት። ሚስማሮቹ እንደቆሙ ናቸው። አልጎበጡም፣ አልተሰበሩም። ጣውላው አልተሰነጠቀም። ቀጥ እንዳሉ ሾልከው ነው የወጡት፤ ጫፋቸው ላይ ትንሽ የእንጨት ዱቄት ብቻ ቀርቷል። ገረመኝ፤ ግን አልገባኝም። የሚያስረዳም አልነበረም።

የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ሌላ ቦታ ስሠራ። አንድ አንጋፋ አናጢ የተገነጠለ መሳቢያ እየጠገኑ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «እንጨት በተቆረጠ አፉ ሚስማር አይይዝም» አሉኝ። የዚያ ልጅ ፊት ድቅን አለብኝ። አጠያየቅሁ። ሹፌር ሆኗል ያለኝ አለ፤ ርቆ ሄዷል ያለኝም አለ። አላገኘሁትም። የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ያን የመሰለ እጅ ከሙያው የወጣው አምስት ቃል የሚነግረው ሰው ጠፍቶ ነው።

እንግዲህ እኔ ልንገራችሁ። የእንጨት ጅማት የሚሄደው ዛፉ በቆመበት አቅጣጫ ነው። ጣውላን እንደታሰረ ጭራሮ ቁጠሩት። ሚስማር ከጎን ሲመታ ጅማቱን አቋርጦ ይገባል፤ ጅማቱም ግራና ቀኝ ጨምቆ ይይዘዋል። በመጋዝ በተቆረጠው አፍ በኩል ሲመታ ግን በጅማቱ መሐል ሰርጎ ነው የሚገባው። እንደገባ ይወጣል። ከታች ወደ ቋሚዎቹ ጎኖች የተመታ ሚስማር ደግሞ ሌላም ችግር አለበት፤ ክብደቱ የሚጎትተው በዚያው በገባበት መስመር ቁልቁል ነው። አንድ ሙሉ ባለ 330 ሚሊ ሊትር የመስታወት ጠርሙስ ግማሽ ኪሎ ያልፋል። ስድስቱ ከ3 ኪሎ በላይ ናቸው። ብድግ ሲደረግ ለቅጽበት ከዚያም በላይ ይከብዳል። ደረጃ ሲወረድ ይሄው በየእርምጃው ይደጋገማል።

ስለዚህ ክብደቱን ሚስማር አይሸከመው፤ እንጨት ይሸከመው። ቋሚዎቹ ጎኖች 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካላቸው በውስጥ ፊታቸው 6 ሚሊ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ አውጡ፤ ከታችኛው ጠርዝ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ። ታቹ እዚያ ቦይ ውስጥ ይግባ። ቦይ ማውጣት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ በሁለቱ ጎኖች ውስጥ ፊት ላይ አንዳንድ ቀጭን መደገፊያ እንጨት በኮላና በብሎን አጋድማችሁ እሰሩ፤ ታቹን እላዩ ላይ አስቀምጡት። ብሎኑ አሁን የሚገባው ጅማቱን አቋርጦ ነው። ክብደቱም ወደ ውጪ አይጎትተውም፤ ከላይ ይጫነዋል እንጂ።

አንቺ የጠየቅሽኝ ልጄ፣ ያንቺም መያዣ መዳኛው ይሄ ነው። ሌላውን ክፍል አታፍርሺው። የላክሽውን ፎቶ አጉልቼ አይቼዋለሁ፤ መገጣጠሚያዎችሽ ጥብቅ ናቸው። እጅሽ ይሆናል።

የዘንድሮ ወጣቶች ላይ አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ቪዲዮ ታያላችሁ፣ ያውም አፍጥናችሁ። እንዴት እንደተሠራ ታያላችሁ፤ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ግን አትጠይቁም። «ኮላ እኮ ከእንጨቱ ይበረታል» ይሉኛል። ጎን ለጎን ለተጣበቀ ጣውላ እውነት ነው። የተቆረጠው አፍ ግን ኮላውን ጠጥቶ ይጨርሰዋል፤ መገጣጠሚያው ደረቅ ይቀራል። ይህን ቪዲዮው አልነገራቸውም። ሆኖም መመስገን ያለባችሁን ላመስግን። የተበላሸ ሥራችሁን ፎቶ አንስታችሁ «ምን ሆኖ ነው?» ትላላችሁ። እኛ እንደብቅ ነበር። ያ ልጅ እንደናንተ መጠየቅ ቢችል ኖሮ ዛሬ ትልቅ ባለሙያ ነበር።

ልክ ከወረቀት መቅዳት አልወድም። ጠርሙሱን ራሱን ለኩት። የጠርሙስ ቅርጽ ይለያያል፣ ሆዱ የሚሰፋም አለ። ያም ሆኖ መነሻ የሚፈልግ ስላለ ልንገራችሁ። የተለመደው ባለ ረጅም አንገት 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ስፋቱ 61 ሚሊ ሜትር ግድም ነው፤ ቁመቱ 230 ያህል። ለእያንዳንዱ 68 ሚሊ ሜትር ክፍት ቦታ ስጡት። መለያያዎቹ 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ከሆኑ፣ ሁለት ረድፍ በሦስት ለሚሆን መያዣ የውስጡ ርዝመት 216፣ ወርዱ 142 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ጥብቅ ይሁን ብላችሁ አታጥብቡት። እርጥብ ጠርሙስ ሲጠብ ለማውጣት መታገል ነው። መለያያዎቹን ግን አትተዉ፤ መስታወት ከመስታወት ሲጋጭ ነው የሚሰነጠቀው። እያንዳንዱን እስከ ግማሽ ቁመቱ ሰንጥቃችሁ አንዱን በሌላው ላይ አሰኩት፤ ሚስማርም ኮላም አይፈልግም።

የቋሚዎቹ ጎኖች ጅማት ወደ ላይ የቆመ ይሁን። አግድም ከሆነ እጀታው ሲጎትተው ጎኑ በጅማቱ መስመር ለሁለት ይከፈላል። ከእጀታው ቀዳዳ በላይ 30 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት አስቀሩ። ቅስቱን አሳምራለሁ ብላችሁ እሱን አትብሉት። እጀታው ራሱ 25 ሚሊ ሜትር ቢወፍር እጅ ሞልቶ ይያዛል፤ ከቀጠነ ጣት ይከረክራል። ቦታውን ከመብሳታችሁ በፊት ጠርሙሶቹን አስገብታችሁ እጃችሁን በመሐላቸው ሞክሩ። ጣታችሁ ክዳን እየነካ ከሆነ ከፍ ይበል።

ቺፕውድ የሚባለውን፣ ከተፈጨ እንጨትና ከሙጫ ተጨፍልቆ የሚሠራውን ሰሌዳ፣ ለታቹ አትጠቀሙ። ቀዝቃዛ ጠርሙስ ያልበዋል፤ ቺፕውድ ያን ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ይፈረፈራል። ታቹን በየክፍሉ አንዳንድ ቀዳዳ ብሱለት፣ ውኃው ይውረድ። ቫርኒሽ ከቀባችሁ የተቆረጡትን አፎች ደጋግማችሁ ቀቡ፤ እርጥበት ቶሎ የሚገባው በነሱ በኩል ነው።

ሥራው ሲያልቅ ስድስት ጠርሙስ ውኃ ሞልታችሁ ደርድሩበትና በእጀታው ከጠንካራ ነገር ላይ ስቀሉት። ከወለሉ አንድ ጣት ያህል ብቻ ከፍ ይበል፣ ቢወርድም እንዳይሰበር። እንዲህ ይደር። ጠዋት ታቹን ከስር እዩት፣ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ጥፍራችሁን አስኪዱ። የተከፈተ ስንጥቅ ካገኛችሁ ፎቶ አንሱና ላኩልኝ።